የሠንጠረዥ ረድፍ አደራደር በዊኬት፦ ከፔንዱለም ሙከራ የተገኘ ትምህርት

ለፊዚክስ ተማሪ ሠንጠረዥ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራ በገባበት ዕለት፣ ገና የሰዓት መቁጠሪያውን ሳይነካ፣ በደብተሩ ላይ ዓምዶችና ረድፎች ማስመር ይጀምራል። በወረቀት ላይ የተሰመረ ሠንጠረዥ አንድ ታላቅ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በሦስተኛው ረድፍ የሰፈረ ልኬት ደብተሩ እስኪያረጅ ድረስ በሦስተኛው ረድፍ መኖሩ ነው። ሠንጠረዡ ወደ ድረ ገጽ ሲዛወር ግን ይህ ዋስትና ይጠፋል። አሁን ሦስተኛ የሆነው ረድፍ ከደቂቃ በኋላ አራተኛ፣ አንባቢው የዓምዱን ርእስ ሲጫን ደግሞ ሃያኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። በቤተ ሙከራችን የፔንዱለም ሙከራ የሚሠሩ የተማሪ ቡድኖች ልኬታቸውን የሚያስገቡበት አነስተኛ ድረ ገጽ በጃቫ ቋንቋ፣ ዊኬት በተባለው ማዕቀፍ ሠርተን ነበር። ሠንጠረዡ ቀኑን፣ የቡድኑን ስም፣ የክሩን ርዝመትና ከልኬቱ የሚሰላውን የስበት ፍጥንጥነት ያሳያል፤ በየረድፉ ጫፍም «ሰርዝ» የሚል ማያያዣ አለ። ማንም የማንንም ልኬት እንዳይሰርዝ የሚከለክል ነገር አላስገባንበትም፤ ተማሪዎቻችንን አምነናቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቡድን የተሳሳተ ልኬቱን ለመሰረዝ ማያያዣውን ቢጫን፣ የጠፋው የእርሱ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ይታይ የነበረው የሌላ ቡድን ልኬት ሆነ። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተወነጃጀሉ። እኛም በመጀመሪያ የፈረድነው በተማሪው ላይ ነበር፤ «እጅህ ስቶ ነው» አልነው። እጁ ግን አልሳተም። ስሕተቱ የነበረው እኛ ረድፉን ባደራጀንበት መንገድ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በታች በዊኬት የሠንጠረዥ ረድፍ እንዴት እንደሚወለድ፣ መልኩን እንደ ፍላጎታችን እንዴት እንደምንለውጥ፣ በዚያውም ያ ልኬት ለምን እንደጠፋ እንመለከታለን። አንባቢው መጠነኛ የጃቫ ዕውቀት እንዳለው እንገምታለን። የትእዛዞቹንና የመደቦቹን ስሞች እንደ ድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

በቅድሚያ ስለ ረድፍ ጠባይ

በኤችቲኤምኤል አብዛኛው ነገር በሌላ ነገር ውስጥ እንደልብ ይጠቀለላል። ሠንጠረዥ ግን ጥብቅ ሥርዓት አለው። የረድፍ ምልክት የሆነው «ቲአር» በቀጥታ በሠንጠረዡ ውስጥ፣ ወይም ከሠንጠረዡ ሦስት ክፍሎች፣ ማለትም ከራስጌው «ቲሄድ»፣ ከአካሉ «ቲቦዲ» እና ከግርጌው «ቲፉት» በአንዱ ውስጥ መገኘት አለበት። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁለት ረድፎችን አንድ ላይ ለማሰር አስቦ በ«ዲቭ» ቢጠቀልላቸው ብራውዘሩ አያስጠነቅቀውም፤ ዲቩን ብቻ ከሠንጠረዡ አውጥቶ በላዩ ያስቀምጠዋል፣ ረድፎቹም እንደነበሩ ያለ ጥቅል ይቀራሉ። ብዙ ጀማሪዎች «ቀለሙ አልሠራልኝም» ብለው ቀኑን ሙሉ የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው። ረድፎችን በአንድነት ለማሰር የሚፈቀደው መንገድ ቲቦዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ኤችቲኤምኤል 4.0 ጀምሮ አንድ ሠንጠረዥ ከአንድ በላይ ቲቦዲ ሊኖረው ይችላል። ይህን ነጥብ በኋላ እንፈልገዋለን።

ዊኬት በአጭሩ

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 በሰን ማይክሮሲስተምስ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ለድረ ገጽ ሥራ የሚያግዙ ብዙ ማዕቀፎች ተፈጥረዋል። ስትረትስ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ጃቫ ሰርቨር ፌስስ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጡ። በዚያው በ2004 ጆናታን ሎክ የጀመረው ዊኬት በ2007 ከአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ዋና ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ እስከ ዛሬም በጥቅም ላይ ነው።

ዊኬትን ከሌሎቹ የሚለየው በኤችቲኤምኤል ገጹ ውስጥ ምንም የፕሮግራም ትእዛዝ አለመጻፉ ነው። ገጹ ንጹሕ ገጽ ሆኖ ይቆያል፤ በፕሮግራሙ የሚሞላው ቦታ ላይ ብቻ «ዊኬት አይዲ» የሚባል መለያ ይለጠፍበታል። በጃቫው በኩል ደግሞ ያንኑ መለያ የያዘ ኮምፖነንት ይፈጠራል። የሁለቱ አወቃቀር፣ ማለትም ማን በማን ውስጥ እንዳለ፣ አንድ ዓይነት መሆን ግዴታው ነው፤ ካልሆነ ገጹ በስሕተት መልእክት ይቆማል። ይህ መጀመሪያ ላይ ያስመርራል፤ ሆኖም ዝም ብሎ ከሚሳሳት ማዕቀፍ ጮኾ የሚቆም ይሻላል ብለን እናምናለን።

ለተደጋጋሚ ረድፍ ዊኬት ሦስት ዋና መሣሪያዎች አሉት። ቀላሉ «ሊስትቪው» ነው፤ ዝርዝር ይሰጠዋል፣ እርሱም በገጹ ላይ አንድ ጊዜ የተጻፈውን ቲአር በዝርዝሩ ልክ ይደጋግመዋል፣ ለእያንዳንዱም «ፖፑሌትአይተም» የተባለውን ሜተድ ይጠራል። ሁለተኛው «ዳታቪው» ሲሆን ከመረጃ ቋት በገጽ በገጽ እየቆረጠ ለሚቀርብ መረጃ የተሠራ ነው። ሦስተኛው «ዳታቴብል» ነው፤ ይህ የዓምዶችን ዝርዝር ተቀብሎ ረድፉን ራሱ ያዘጋጃል፤ ራስጌና የገጽ ማገላበጫም ሊጨመሩበት ይችላሉ። በአንድ ረድፍ ላይ ብዙ ዕቃ ለመደርደር፣ ለምሳሌ ለፎቶግራፎች፣ «ግሪድቪው» የሚባልም አለ፤ ለእኛ ጉዳይ ግን አያስፈልግም።

ቦታ ወይስ ማንነት

የእኛ ገጽ የተሠራው በሊስትቪው ነበር። ሊስትቪው ለእያንዳንዱ ረድፍ ሞዴል ይሰጠዋል፤ ይህ ሞዴል የሚያስታውሰው ልኬቱን ሳይሆን የልኬቱን ቦታ ነው። «በዝርዝሩ 5ኛው» ይላል እንጂ «የእገሌ ቡድን የማክሰኞ ልኬት» አይልም። ዝርዝሩ ደግሞ በየጥያቄው ከመረጃ ቋቱ እንደ አዲስ ይነበባል።

አሁን የሆነውን ነገር ደረጃ በደረጃ እንከታተል። ዝርዝሩ አዲሱን ልኬት ከላይ እያደረገ የተደረደረ ነው። ተማሪው ገጹን ከፈተ፤ የእርሱ ልኬት 5ኛ ላይ ነው። እርሱ እያሰበ ሳለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያለ ቡድን አዲስ ልኬት አስገባ። በመረጃ ቋቱ ሁሉም አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ፤ 4ኛ የነበረው 5ኛ፣ የተማሪው ልኬት 6ኛ ሆነ። በተማሪው መስታወት ላይ ያለው ገጽ ግን አሮጌው ነው። «ሰርዝ» ሲጫን ሰርቨሩ አዲሱን ዝርዝር አነበበና 5ኛውን አጠፋ። ያ ደግሞ በተማሪው መስታወት ላይ 4ኛ ሆኖ የሚታየው፣ ከእርሱ በላይ ያለው ረድፍ ነበር።

ለፊዚክስ ሰው ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በሕዝብ መካከል የሚሄድን ሰው «ከበሩ አምስተኛው» እያልን ብንከታተል ሰው በገባና በወጣ ቁጥር የምንከታተለው ሌላ ሰው ይሆናል። መከታተል የሚቻለው በስሙ ብቻ ነው።

መፍትሔው ዳታቪው ነው። ዳታቪው መረጃውን የሚቀበለው «ዳታፕሮቫይደር» ከሚባል አቅራቢ ሲሆን አቅራቢው ሦስት ነገር ያውቃል፦ ጠቅላላ ብዛቱን፣ ከየትኛው ጀምሮ ስንት ማምጣት እንዳለበት፣ ለአንድ ልኬትም ምን ዓይነት ሞዴል መስጠት እንዳለበት። በዚህ በሦስተኛው ላይ «ሎደብልዲታቸብልሞዴል» የተባለውን ወርሰን የልኬቱን መለያ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ እናደርጋለን። ጥያቄ ሲመጣ በመለያው ልኬቱን ከመረጃ ቋቱ ያመጣል፤ ጥያቄው ሲያልቅ ልኬቱን ጥሎ መለያውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሰርቨሩ በማስታወሻው የሚሸከመው ሸክም በእጅጉ ይቀልለታል፤ የተጫነው «ሰርዝ»ም ሠንጠረዡ መቶ ጊዜ ቢገለባበጥ የሚያገኘው ያንኑ ልኬት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ወጥመድ አለ። ዳታቪው ለረድፉ የሚሰጠው ቁጥር በየገጹ ከዜሮ ይጀምራል። የተራ ቁጥር ዓምድ የሚፈልግ ሰው «ጌትፈርስትአይተምኦፍሴት» የሚሰጠውን የመነሻ ቁጥር ካልደመረበት ሁለተኛውም ገጽ እንደ መጀመሪያው ከ1 ይነሣል።

ስለ ረድፍ ቀለም

የረድፍን መልክ የመለወጥ ፍላጎት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ዓይን ከመስመር እንዳይስት አንዱን ረድፍ ነጭ፣ ቀጣዩን ግራጫ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። በዊኬት ይህ የሚሠራው «ኒውአይተም» የተባለውን ሜተድ በመተካት ነው፤ በተራው የረድፍ ዕቃ ፋንታ «ኦድኢቨንአይተም» ብንመልስ ረድፎቹ በየተራ ጎዶሎና ሙሉ የሚል የስታይል ስም ይሰጣቸዋል። በዳታቴብል ሜተዱ «ኒውሮውአይተም» ይባላል። በጃቫ ሰርቨር ፌስስ ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ የስታይል ስሞቹን በነጠላ ሰረዝ ለይቶ መጻፍ ይበቃል። ዛሬ ለዚህ ብቻ ሰርቨሩን ማድከም አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው ሦስተኛው የሲኤስኤስ መራጭ ደንብ «ኤንዝቻይልድ» በተሰኘው መራጭ ሥራውን ለብራውዘሩ ትቶለታል።

ብራውዘር የማያውቀው ግን የረድፉን ትርጉም ነው። ከአማካዩ የራቀ ልኬት ያለበትን ረድፍ ለይተን ማሳየት ብንፈልግ ስሌቱ በሰርቨሩ መሠራት አለበት። በኒውሮውአይተም ውስጥ ለረድፉ ዕቃ «አትሪቢዩትሞዲፋየር» እንጨምርለታለን፤ የስታይሉን ስም ግን እንደ ቋሚ ቃል ሳይሆን እንደ ሞዴል እንስጠው። ቋሚ ቃል ረድፉ በተፈጠረበት ቅጽበት ይወሰናል፤ ሞዴል ግን ረድፉ በተሳለ ቁጥር ይሰላል። ተማሪው ልኬቱን ሲያርም ቀለሙም አብሮ እንዲታረም የሚያደርገው ይህ ነው።

እኛ መጀመሪያ ከአማካዩ በ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የራቀውን ሁሉ በቀይ እናቀልም ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። አንደኛው ስሕተት የፕሮግራም ነው፦ አማካዩን ያሰላነው በሚታየው ገጽ ላይ ካሉት ረድፎች ነበር። በመሆኑም አንድ ልኬት በአንዱ አደራደር ቀይ፣ በሌላው ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። አማካይ ከልኬቶቹ ሁሉ እንጂ ለዓይን እንዲመች ከተቆረጠው ክፍል መሰላት የለበትም።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከበደ ነው። ልኬቶች የተለመደውን የደወል ቅርጽ ስርጭት የሚከተሉ ከሆነ፣ ምንም ጥፋት ሳይኖር 4.6 በመቶ ያህሉ ከ2 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ውጭ ይወድቃሉ። ከ120 ልኬቶች አምስት ወይም ስድስቱ ያለ ኃጢአታቸው ቀይ ይሆናሉ ማለት ነው። ተማሪ ደግሞ ቀይን የሚያነበው ከመምህር እስክሪብቶ ነው፤ ቀይ ማለት «ተሳስተሃል» ማለት ነው። ስለዚህ ቀዩን ሰርዞ ነጩን ብቻ ያስቀር ጀመር። ሳይንስ በዚህ መንገድ አይሠራም። ሮበርት ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ታዋቂ የዘይት ጠብታ ጽሑፉ 58 ጠብታዎችን አቀረበ፤ በማስታወሻ ደብተሮቹ ግን ከ100 በላይ ጠብታዎች መኖራቸው ከታወቀ ወዲህ የታሪክ ተመራማሪዎች «የተቀሩት ለምን ቀሩ?» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪን ገና በመጀመሪያ ዓመቱ በቀለም እየገፋፉ ልኬት እንዲጥል ማስተማር ትልቅ ጥፋት ነው ብለን ቀዩን አነሣነው። በምትኩ ፈዛዛ ቢጫና «ይመርመር» የሚል ቃል ያለበት ሴል አደረግን። ቃሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ የክፍላችን ማተሚያ የሚያትመው በጥቁር ብቻ ስለሆነ ቀለም ወረቀት ላይ አይደርስም፣ ቀለም በደንብ ለይተው የማያዩ ተማሪዎችም አሉ።

አንድ ልኬት፣ ሁለት ረድፍ

«ይመርመር» ካልን መመርመሪያውን መስጠት አለብን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልኬት ሥር የተማሪውን ጥሬ ቁጥሮች የሚያሳይ፣ ሲጫኑት የሚከፈት ሁለተኛ ረድፍ አስፈለገን። ዳታቴብል ለአንድ ልኬት አንድ ቲአር ብቻ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ አይመችም፤ ወደ ዳታቪው ተመለስን።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የዳታቪውን መለያ «ዊኬት ኮንቴይነር» በሚባል ምልክት ላይ ለጥፎ ሁለቱን ቲአሮች በውስጡ ማድረግ ነው። ይህ ምልክት በመጨረሻው ገጽ ላይ ራሱ አይታይም፤ ይዘቱ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛው መለያውን በቲቦዲ ላይ መለጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ልኬት የራሱ ቲቦዲ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ንጹሕ ይመስላል፤ ሆኖም ገጹን ሙሉ ሳያድሱ አንዱን ረድፍ ብቻ በአጃክስ ለመለወጥ ሲፈለግ አይሆንም። አጃክስ የሚያድሰውን ነገር በገጹ ላይ በመለያው ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ የማይታይ ምልክት ግን መለያ የለውም። ቲቦዲ አለው። እኛም የመረጥነው ቲቦዲን ነው። የነጭና የግራጫው መፈራረቅም በቲአር ሳይሆን በቲቦዲ እንዲቆጠር «ኤንዝኦቭታይፕ» በሚባለው መራጭ አደረግነው፤ ያለዚያ ዋናው ረድፍ ሁልጊዜ ነጭ፣ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ግራጫ ይሆን ነበር።

የዝርዝሩ ረድፍ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋውን አሳየ። በአዲስ አበባ ከፍታ የስበት ፍጥንጥነት 9.77 ወይም 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ያህል ነው። ክሩ 1 ሜትር ከሆነ 20 ውዝዋዜ 40.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አንድ ቡድን ግን 10.82 አግኝቶ ረድፉ ቢጫ ሆኖበታል። በቀድሞው ገጽ ቢሆን ይሰረዝ ነበር። ዝርዝሩ ሲከፈት ጊዜው 38.2 ሰከንድ ይላል። 40.2 በ20 ሲካፈል 2.01 ነው፤ 2.01 በ19 ሲባዛ ደግሞ 38.2። ተማሪው ፔንዱለሙን ሲለቅ «አንድ» ብሎ መቁጠር ጀምሯል፤ ስለዚህ የቆጠረው 20 ሳይሆን 19 ውዝዋዜ ነበር። ልኬቱ ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳተው ስሙ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ወደ 19 አርሞ ውጤቱ 9.77 ሲሆን ባየ ጊዜ የተሰማውን ደስታ እኛም ተካፍለናል።

የቀን ርእስ

ልኬቶቹን በየቀኑ ለመክፈል ከየቀኑ የመጀመሪያ ልኬት በላይ ሠንጠረዡን ሙሉ የሚሸፍን የርእስ ረድፍ ጨመርን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የርእሱ ቲአር በእያንዳንዱ ቲቦዲ ውስጥ ይጻፋል፣ ቀኑ ከቀደመው ልኬት ቀን ጋር አንድ ከሆነ «ሴትቪዚብል» በሚለው ትእዛዝ ይደበቃል። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ከገጹ አናት ላይ ያለው ልኬት ምንጊዜም ርእሱን ማሳየት አለበት፤ አለበለዚያ ሁለተኛውን ገጽ የሚያነብ ሰው ቀኑን አያውቅም። ደግሞም አንባቢው ሠንጠረዡን በቀን ሳይሆን በውጤት ቢደረድረው ቀኖቹ ይበታተናሉ፣ በየረድፉም ርእስ ይነሣል፤ ስለዚህ ድርድሩ በቀን ካልሆነ ርእሶቹ ሁሉ እንዲደበቁ አደረግን።

ረድፉ ቅጽ ሲሆን

ተማሪዎች አሥር ልኬት በአንድ ጊዜ የሚያስገቡበት ገጽ ደግሞ የራሱ መዘዝ ነበረው። በየረድፉ የጽሑፍ ሣጥን አለ። ከአሥሩ በአንዱ ፊደል ተሳስቶ ቢገባ ገጹ ስሕተቱን አሳውቆ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን ተማሪው የጻፈው ሁሉ ጠፍቷል። ምክንያቱ ሊስትቪው ገጹ በተሳለ ቁጥር አሮጌዎቹን ረድፎች ጥሎ አዳዲስ መፍጠሩ ነው፤ ገና ያልጸደቀው ጽሑፍ ደግሞ የሚኖረው በአሮጌው ረድፍ ሣጥን ውስጥ ነው። «ሴትሪዩዝአይተምስ» የተባለውን «እውነት» ብለን ስናደርገው ረድፎቹ ይቆያሉ፣ ጽሑፉም ይቆያል። ይህን ካደረግን በኋላ ከዝርዝሩ መካከል አንድ ነገር ሲወጣ ወይም ሲገባ «ሪሙቭኦል» ብለን ረድፎቹን ማጽዳት የእኛ ኃላፊነት ነው፤ ካልሆነ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ሣጥን ውስጥ ይገኛል።

ዳታቪውም እንዲሁ በየጊዜው ረድፎቹን ይጥላል። የተከፈተ ዝርዝር ገጹ ሲታደስ ተመልሶ የሚዘጋው በዚህ ነው። ለእርሱ መፍትሔው «ሪዩዝኢፍሞደልስኢኳል» የሚባለውን የአያያዝ ስልት መስጠት ነው፤ ይህ ስልት አዲሱን ሞዴል ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ እኩል ከሆኑ የነበረውን ረድፍ ያስቀጥላል። እኩልነታቸውን የሚያውቀው ግን እኛ በነገርነው መጠን ነው። በሞዴላችን ውስጥ «ኢኳልስ» እና «ሃሽኮድ» የተባሉትን ሁለት ሜተዶች በልኬቱ መለያ ቁጥር እንዲያመዛዝኑ አድርገን ካልጻፍን ጃቫ ሁለቱን ሞዴሎች የተለያዩ ዕቃዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ረድፉም እንደ ቀድሞው ይጣላል።